ዘማራ አንኳኳች ወይ?

ሰሞኑን የቴሌግራሙ የአንባቢያን ግሩፕ ዕረፍት ነሥቶኛል። የ«ነጩ አገር» ሁለተኛው መጽሐፍ ወጣ ተብሎ፣ ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ከየጓዳው አውጥቶ እንደገና ማንበብ ይዟል። አንብቦም ዝም አይልም። አንዷ «መሐሉ ይጎትታል» ትላለች። አንዱ «በረዶው በዛ፤ ሳነብ ጉንፋን ያዘኝ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ይቺ ዘማራ የምትባል ታናድደኛለች፤ ከተኩላ ጋር ተናንቃ አባቷን ትፈራለች እንዴ?» ብሎ ከሥሩ ሳቅ ደርድሯል። እኔ እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ። ደግሞ እጽፋለሁ፣ ደግሞ አጠፋለሁ። ምን ልበላቸው? እናንተ መጽሐፉን አነበባችሁት፤ እኔ ግን በእሱ የተነሣ ግቢ ሲታመስ አይቻለሁ ልበል? ማን ያምነኛል!

ላላነበበው ባጭሩ ልንገር። በረዶ ዓመቱን ሙሉ የሚወርድበት፣ ክረምቱ የማያልፍ አገር አለ። ዘማራ የአገሩ እሳት ጠባቂ ልጅ ናት። ተኩላ የሚገራ አንድ ድኻ ልጅ ትወዳለች፤ ለአባቷ ግን ትንፍሽ አትልም። ተራራ ትወጣለች፣ የረጋ ወንዝ ትሻገራለች፣ ከአውሬ ጋር ትታገላለች። መጨረሻ ላይ ተመልሳ የአባቷ ደጃፍ ላይ ትቆምና ለማንኳኳት እጇን ታነሣለች። አለቀ! እዚያው ላይ! ደራሲው «ሁለተኛውና ሦስተኛው በቅርብ ቀን» ብሎ ጠፋ። እኔ በዚያ በር ላይ እንደቆምኩ አደግኩ፣ ተዳርኩ፣ ወለድኩ።

መጽሐፉን የሰማሁት ሽሮ ሜዳ፣ አባቴ ብርሃኔ ሸማ በሚሠራባት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ የጋሽ ዘርዓብሩክ ናት፤ ግቢው የእሳቸው ነው፤ እኛ ተከራዮች ነን። ሁለት የሸማ ዕቃ ተተክሎባታል፤ በአንዱ አባባ፣ በሌላው ኪሩ። ኪሩ ከዶርዜ የመጣ የአባባ የእኅቱ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ እጀ ፈጣን፣ አፉም እንደ እጁ። ሁለቱም እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትተው መርገጫውን ሲረግጡ፣ መወርወሪያዋ ከዚህ እጅ ወደዚያ እጅ ስትበር፣ ክፍሏ ቀጭ ቋ፣ ቀጭ ቋ ትላለች። የእኔ ሥራ ከትምህርት ቤት መልስ ጥግ ይዤ መወርወሪያዋ ውስጥ በሚገባው ቀሰም ላይ የማጉን ክር መጠቅለል ነበር።

የጋሽ ዘርዓብሩክ ልጅ ሰምሀል መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ መጽሐፏን ይዛ ወደ እኛ ትመጣና፣ በሩ አጠገብ ባለው የክር ጆንያ ላይ ተቀምጣ ጮክ ብላ ታነብልናለች። «የሸማኔ እጁም ዓይኑም ሥራ ላይ ነው፤ ጆሮው ግን ቦዘኔ ነው» ትል ነበር። እኔ ታዲያ የምትመጣው ለእኔ ስትል ይመስለኝ ነበር።

አስተያየት በቴሌግራም ከመጀመሩ በፊት አስተያየት እኛ ክፍል ውስጥ ነበር። አባባ ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ በበረዶው አልተስማማም።

«በረዶ ላይ ተኛች ነው ያልሽኝ? ሰምሀል፣ ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ በረዶ አይቶ አያውቅም። ያለፈው ሐምሌ የጣለው የእትዬ ጌጤን ቆርቆሮ ወንፊት አድርጎት የለም እንዴ!»

«የነሱ በረዶ ለስላሳ ነው ጋሽ ብርሃኔ። እንደ ባዘቶ ነው የሚወርደው።»

«እንደ ባዘቶ? ታዲያ ምን ያንቀጠቅጣቸዋል፣ ፈትለው አይለብሱትም?»

ኪሩ ግን ለበረዶው ደንታ አልነበረውም። የእሱ ጠብ ከዘማራ ጋር ነበር። እሷ በተነሣች ቁጥር መወርወሪያውን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል።

«ፈሪ ናት» አለ አንድ ቀን።

«ፈሪ አይደለችም» አለች ሰምሀል፣ ዓይኗን ከገጹ ሳታነሣ። «ጊዜ እየጠበቀች ነው።»

«ክረምቱ እንደሆነ አያልቅ! የምን ጊዜ ነው የምትጠብቀው?»

«እሱስ? ተኩላ ገሪውስ? አፍ የለውም? ሽማግሌ መላክ አይችልም?»

«ልኮ ምን ሊባል? አባትየው ገና ስሙን ሲሰሙ ውሻ እንደሚለቁበት እያወቅሽ! እሷ አፏን ሞልታ ‹እፈልገዋለሁ› ካላለች ማን ሰው ብሎ ይሰማዋል?»

«መጀመሪያ በሩ ላይ ይቁም እንጂ! ሳይመጣ ምን ብላ ትናገር?»

አባባ ሳል ያዘው። እነዚህ ሁለቱ በተከራከሩ ቁጥር አባባን ሳል ይይዘው ነበር፤ እኔም ብናኙ ነው እያልኩ ውኃ እሰጠው ነበር። አሁን ሳስበው አባባ ውኃም አላስፈለገው፣ ብናኝም አልነካው። እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቅ። እኔ የማየው ሁለት የማይዋደዱ ሰዎችን ነበር፤ አንዱ ነጭ ሲል ሌላው ጥቁር የሚል፣ ዓይን ለዓይን መተያየት እንኳ የማይችሉ።

መጽሐፉ ያለቀ ቀን ነው ነገሩ የፈነዳው። ሰምሀል የመጨረሻውን ገጽ አነበበች። ዘማራ በሩ ላይ ቆመች፣ እጇን አነሣች። ሰምሀል ገልበጥ ስታደርገው ባዶ ወረቀት ነው።

«አለቀ?» አልኩ። «እንዴት እዚህ ላይ ያልቃል? አንኳኳች ወይስ አላንኳኳችም?»

«አታንኳኳም» አለ ኪሩ። መወርወሪያውን አስቀምጦ ነበር። «እጇን አንሥታ፣ አንሥታ፣ ትመልሰዋለች። እሷን እየጠበቀ በረዶ ላይ ሲደርቅ የሚኖር ጅል ነው። እኔም ከፋሲካ በኋላ አገሬ እገባለሁ፣ ጋሼ። በቃኝ።»

የዘማራ አለማንኳኳትና የኪሩ አገር መግባት ምን እንደሚያገናኛቸው አልገባኝም። ሰምሀል መጽሐፉን ዘጋችና ጆንያው ላይ ትታው ተነሣች። «እንግዲያስ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» አለች። ስትወጣ ዓይኖቿ ሞልተው ነበር።

ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። እኔ ነኝ መቀመጫ ያጣሁት። ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ እመጣለሁ፤ ጆንያው ባዶ ነው። ወደ ሰምሀል ቤት እሄዳለሁ፤ መስኮት ላይ ቆማ ወደ እኛ ክፍል ታያለች፤ ስታየኝ መጋረጃውን ትመልሳለች። እመለሳለሁ፤ ክር መበጠስ የማያውቀው ኪሩ እየበጠሰ ይቀጥላል፣ እየቀጠለ ይበጥሳል። አባባ «ኧረ በፈጠረህ ቀስ በል፣ ክሩ ምን አደረገህ!» ይለዋል። እኔ የማስበው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱ አገሩ ከገባ፣ እሷ ካኮረፈች፣ ሁለተኛው መጽሐፍ ሲወጣ ማን ያነብልኛል? ዘማራ ማንኳኳቷን በምን አውቃለሁ?

መፍትሔው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ተገለጠልኝ። ራሷ ሰምሀል ብላው የለም እንዴ፣ ሽማግሌ! ባለፈው ዓመት አባባና እማማ ተኳርፈው ድስት ለየብቻ ሊሉ ሲሉ፣ ጋሽ ዱጉማ ሁለት ሰው አስከትለው መጥተው፣ ጉልበት አስመው አስታርቀዋቸዋል። በሰፈራችን የተጣላ ሁሉ ጋሽ ዱጉማ ጋ ነው የሚሄድ። ሸጎሌ ከብት ገበያ በሬ ይነግዳሉ፤ ቤታቸው ከእኛ ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ሄድኩ። ከገበያ ገና መመለሳቸው ነበር፤ ቧንቧው ሥር ቆመው ከቦት ጫማቸው ላይ ጭቃ ያስለቅቃሉ።

«ጋሽ ዱጉማ፣ ሽማግሌ እንዲሄዱልን ነው።»

«ለማን ነው ልጄ?»

«ለኪሩ። ከሰምሀል ጋር።»

ውኃውን ዘጉት። «ማን ላከሽ?»

እዚህ ላይ ትንሽ አሰብኩ። ልጅ ስለጠራው ሽማግሌ ተነሥቶ ይሄዳል? አይሄድም።

«ኪሩ» አልኩ።

«ራሱ ምነው አልመጣ?»

«ያፍራላ!»

«እሷስ ታውቃለች?»

«አውቃ አይደል እንዴ የምታለቅሰው?»

ጋሽ ዱጉማ ቦት ጫማቸው ላይ እስኪያጎነብሱ ሳቁ። «ጎሽ! ነገሩ በስሏል» አሉ። «በይ ሂጂ። ለማንም እንዳትተነፍሺ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ።»

እየዘለልኩ ወረድኩ።

እሁድ ጋሽ ዱጉማ ሁለት ሽማግሎች አስከትለው፣ ሦስቱም ነጭ ለብሰው መጡ። ተከትያቸው ገባሁና ከሳሎኑ በር ኋላ ተለጠፍኩ። ጋሽ ዘርዓብሩክ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሹም ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ እንኳ ቀጥ ብለው ነው የሚቀመጡ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ።

«ደኅና መጣችሁ። አረፍ በሉ እንጂ።»

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ዱጉማ። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን ነው የመጣነው።»

ደስ አለኝ። ልጅዎ፣ ልጃችን፤ እንዲህ ተብሎ ነው የሚታረቀው ማለት ነው አልኩ።

«ልጃችሁ ማነው?»

«ኪሩ።»

«የቱ ኪሩ?»

«እዚሁ ግቢዎ ውስጥ የሚሠራው።»

ጋሽ ዘርዓብሩክ «ሸማኔው?» አሉ።

ያኔ የሥራ ስም የጠሩ ነበር የመሰለኝ። የአባቴን ሥራ ሲጠሩ ድምፃቸው ለምን እንደዚያ እንደሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ለየበዓሉ የሠራነውን እየለበሱ፣ ልጅ ስንጠይቃቸው ግን ዘራችንን የሚቆጥሩ ሰዎች እንዳሉ ሲገባኝ አንገበገበኝ፤ አሁንም ያንገበግበኛል።

ጋሽ ዱጉማ አልተቆጡም። «ጌታዬ፣ የለበሱት ጋቢ የማን ሥራ ነው?» አሉ በቀስታ።

ጋሽ ዘርዓብሩክ ትከሻቸውን አዩ። ለገና ኪሩ ሠርቶ ያመጣላቸው ነበር።

«የእጁን ሥራ ትከሻዎ ላይ አድርገው እጁን ይጠየፉታል?»

ጋሽ ዘርዓብሩክ ዞር ሲሉ ከበሩ ኋላ አዩኝ። «አንቺ፣ ሂጂ ጥሪው» አሉኝ። በረርኩ። ኪሩ ክፍሏ ውስጥ ልብሱን ጠቅልሎ በገመድ እያሰረ አገኘሁት። «ጋሽ ዘርዓብሩክ ይጠሩሃል፣ ሽማግሌ መጥቷል!» ስለው ገመዱ ከእጁ ወደቀ። «የምን ሽማግሌ?» አለ። እጁን ይዤ ጎተትኩት። ጸጉሩ ላይ ክር ነበረበት።

«አንተ ነህ የላክሃቸው?» አሉት ጋሽ ዘርዓብሩክ።

ኪሩ ሽማግሎቹን አየ። ጓዳው በር ላይ የቆመችውን ሰምሀልን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔም ከልቤ ራሴን ነቀነቅኩለት፤ በል እንጂ፣ ታረቅ!

«አዎን» አለ። ድምፁ ቀጠነ። «እኔ ነኝ የላክኋቸው።»

«አንቺስ?»

«እፈልገዋለሁ፣ አባዬ» አለች ሰምሀል። ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ መጽሐፍ እንደምታነብልን።

ጋሽ ዘርዓብሩክ ተቀመጡ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ «ሌላ ቀን ተመለሱ» አሏቸው። ሽማግሎቹ እጅ ነሥተው ወጡ። እኔ እሪ ብዬ አለቀስኩ፤ ሳያስታርቁ ተባረሩ ብዬ። አባባ አፍንጫዬን በነጠላው ጠረገና «ዝም በይ፣ ጅል፣ ተመለሱ ማለት እኮ ኑ ማለት ነው» አለኝ።

ተመላለሱ። ጋሽ ዘርዓብሩክ እሺ ያሉት በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ያውም ለሠርጉ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከሙሽሮቹ ጋር ፎቶ ሳይነሡ። ለልጃቸው «ደኅና ዋልሽ» ሳይሉ የኖሩበትን ጊዜ ሰምሀል ናት የምታውቀው። ያን እሁድ ከትከሻቸው ያወረዷትን ጋቢ መልሰው ያወጧት የልጅ ልጃቸው ሀሌሉያ ስትወለድ ነው፤ እሷን ሊጠቀልሉባት። ያን ቀን አባባ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሌላ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ከዚያ እሁድ ወዲህ ኪሩ ዘማራን ፈሪ ብሎ አያውቅም። ያኔ ስለታረቁ ነው ብዬ ነበር።

ካደግኩ በኋላ ግን ጨነቀኝ። ሰምሀል እንግዳ በተሰበሰበበት ሁሉ «የኔ ባል ደፋር ነው፤ አንገቱን ለውርደት ሰጥቶ የአባቴን በር ያንኳኳ ነው» ትላለች። ኪሩ ይኼኔ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። ያልላከውን ልኬአለሁ እንዳለ ያውቃላ! ሽማግሎቹን ማን እንደላካቸው ግን አያውቅም፤ አፍሮ ጋሽ ዱጉማንም ሳይጠይቃቸው እሳቸው አረፉ። እኔ ቀረሁ። ሰምሀል ያን ሁሉ ዓመት የአባቷን ፊት ያጣችው «መጣልኝ» ብላ ነው። እንዳልመጣላት ብትሰማስ? ልብሱን ጠቅልሎ ሊሄድ ገመድ እያሰረ እንደነበር ብትሰማስ? አንዳንድ ቀን ልናገር እልና ምላሴን እነክሳለሁ፤ ዝም ልበል እልና ዝምታው ይበላኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ከአዲሱ ገበያ ሁለተኛውን መጽሐፍ ገዛሁ። ሰምሀል ደውላ «ሔሉ፣ እንዳትገልጪው! እዚያው ክፍል ነው የምናነበው» ብላኛለች። ታክሲ ውስጥ መጽሐፉን አሥሬ አወጣሁት፣ አሥሬ መለስኩት።

ግቢው አሁን የሰምሀል ነው። ክፍሏ ግን ያችው ናት። ኪሩ ጸጉሩ ሸብቶ፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከቶ ይሠራል። አባባ ዓይኑ ስለደከመ አይሠራም፤ በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ጥለቱን በጣቱ እየዳሰሰ ይተቻል። ሰምሀል መነጽሯን አድርጋ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። እኔ ጥጌን ያዝኩ።

«እንግዲህ ዛሬ ይለይልናል» አለ ኪሩ። «አንኳኳች ወይስ ተመለሰች?»

«አንኳኩታለች» አለች ሰምሀል። መጽሐፉ ጭኗ ላይ እንደተዘጋ ነው።

«ገና አልገለጥሽው!»

«ኪሩ፣ ያኔ ጋሽ ዱጉማን አንተ እንዳልላክሃቸው አውቃለሁ።»

መወርወሪያዋ ድሩ መሐል ቀረች።

«እሁድ ከመምጣታቸው በፊት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ» አለች። «አስተዋይ ሽማግሌ ሳያጣራ ይሄዳል እንዴ? ‹ኪሩ ልኮኛል፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?› አሉኝ። በማን ነው የላከው ስላቸው፣ ‹በብርሃኔ ልጅ› አሉኝ።» ወደ እኔ ዞረች። «አፍንጫዋን መናፈጥ የማታውቅ ልጅ! አንተ እንዲህ ላለ ነገር እሷን እንደማትልክ አላውቅም? ጓዝህን ስትጠቀልልም በመስኮት አይቼሃለሁ። ‹አልላከም› ብላቸው ይመለሱ ነበር።»

«እና ምን አልሻቸው?» አለ ኪሩ። ድምፁ ያኔ እንደቀጠነው ቀጠነ።

«ይሂዱ አልኳቸው።»

ኪሩ መዳፉን ዓይኖቹ ላይ አደረገ። ያልቅስ ይሁን ይሳቅ መለየት አቃተኝ። «ይኼን ሁሉ ዘመን አፍሬ ኖሬ!» አለ። «በየሰው ፊት ደፋር ስትዪኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እያልኩ! ታሾፊብኝ ነበር ማለት ነው?»

«አላሾፍኩም። ያልላክሃቸውን ሰዎች፣ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት፣ በአባቴ ቤት ቆመህ ‹እኔ ነኝ› ማለት ቀላል ነው? አልላክሁም ብለህ መሄድ ትችል ነበር እኮ። ጓዝህ ታስሮ ነበር።»

«እኔ ደግሞ» አልኩ እየተንተባተብኩ፣ «እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ያጋባኋችሁ እኔ መስሎኝ...»

«አንቺማ ልታስታርቂ ነው የሄድሽው!» አለ አባባ ከበሩ ላይ። በዚያን ቀን ሳል አልያዘውም። «አንብቡ እንጂ! እስቲ ያ ሰውዬ ስለ በረዶ የተማረው ነገር ካለ እንስማ።»

ሰምሀል መጽሐፉን አንሥታ እኔ ላይ ጣለችው። «ዛሬ አንቺ አንብቢልን፤ የኔ መነጽር ረጥቧል» አለች። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩና ዓይኔን ወደ ኪሩ አነሣሁ፤ ይፍቀድልኝ እንደሆነ።

ኪሩ እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገ፤ መወርወሪያዋንም ከድሩ መሐል አወጣት።

«አንብቢ» አለኝ። «እኔ እንደሆንኩ ከእንግዲህ ወዲህ በዚያች ልጅ ላይ አስተያየት የለኝም።»